በአቶ ደምሴ ጣሪያ ላይ የቀረው ምስል

ዓርብ፣ ጥር 17 ቀን 2011

ሰላማዊት ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። በጾሙ ምክንያት አይደለም። ድሮኗ ጠፍታባታል።

የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፈው። እሷ ስትነግረኝ መጨረሻውን እያስቀደመች አምታታችብኝ።

ሰላማዊት የወንድሜ ልጅ ናት። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ፎቶ ቤት ተቀጥራ ሰርግ ትቀርጻለች። ድሮኗ የፎቶ ቤቱ ናት። የበረራ ፈቃድ አላት፤ ወረቀቱን ተቀብዬ አንብቤዋለሁ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ይሠራል። ትናንት ከሞላሌ ወዲህ ካለው የሙሽሪት ቤት ወደ መሐል ሜዳ ሲመለሱ ሰላማዊት ሪሞቱን ይዛ ፒክአፕ ላይ ቆማ ነበር። ድሮኗ ከላይ ሆና የሰርጉን መኪኖች ታነሳለች። ከዋሻ ሜዳ በላይ፣ መንገዱ ገደሉን ይዞ በሚሄድበት ቦታ፣ በስክሪኑ ላይ ያለው ምስል ደርቆ ቀረ። ቀጥሎ ግንኙነቱ መቋረጡን የሚገልጽ ጽሑፍ መጣ። መኪናው እንዲቆም ጮኸች። ማን ሊቆምላት? ሙሽሪት አሳፍሮ ወደ ኋላ መመለስ ገድ የለውም። ሹፌሩ "ዕቃሽን ነገ ትፈልጊያለሽ፣ ዛሬ ሙሽሪትን እናስገባ" ብሎ ነዳው።

ዛሬ ጠዋት የሙሽራው አጎት ወንድይፍራው ጥቂት ወንዶች አስከትሎ ፍለጋ ወረደ። ስክሪኑ ላይ የደረቀው ምስል የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ካርታው ላይ ያለችው ቀይ ነጥብም እዚያው ጣሪያ ላይ ቆማለች። ቤቱ የአቶ ደምሴ ነው። አቶ ደምሴ ቀጥቃጭ ናቸው፤ የአካባቢው ገበሬ ማረሻ በሙሉ በእሳቸው እጅ ያልፋል። ቤታቸውን ፈተሹት። አላገኙም።

ከሰዓት ወንድይፍራው መሐል ሜዳ፣ ሰላማዊት ያረፈችበት እኔ ቤት መጣ። ስምንተኛ ክፍል ያስተማርኩት ነው፣ አሁንም ሲያየኝ ይነሳል።

"ቲቸር፣ ነገሩ ግልጽ ነው። ምስሉ የቆመው እሱ ጣሪያ ላይ ነው። ካርታውም እሱኑ ያሳያል።"

"ቤቱ ውስጥ አገኛችኋት?"

"ቀጥቃጭ መቅበሪያ ያጣል?"

አብሮት የመጣው ሰው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መቅበርም አያስፈልገውም አለ። "ዓይኑን ጣል ካደረገባት መች ትቆያለች። ብረት አይደለች፣ ስቧታል።"

ውሳኔያቸውን ነገሩኝ። ማክሰኞ አስተርእዮ ማርያም ነው። አስታ በር ማርያም ሕዝብ ይሰበሰባል። አቶ ደምሴ እዚያ ደጀ ሰላም ላይ ይምላሉ፤ ካልማሉ ወይም ዕቃው ካልተመለሰ፣ ማንም ገበሬ ማረሻውን ወደ እሳቸው አይወስድም። የእሳቸው ቤት ከዚያ ሌላ መተዳደሪያ የለውም።

ከሄዱ በኋላ ሰላማዊት "እትዬ፣ እኔ እሱ ወሰደ አላልኩም" አለች።

"አልወሰደም ብለሻል?"

አልጋውን አነጠፍኩላት፣ ልጅቷ ደክሟታል።

ቅዳሜ፣ ጥር 18

ጠዋት ሪሞቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ተማርኩት። ፊዚክስ ሳስተምር ሞገድን በገመድ ነበር የማሳየው፤ አንዱ ተማሪ ጫፉን ይይዛል፣ ሌላው ያወዛውዛል። ይህ በገመድ አይታይም፣ ነገሩ ግን ያው ነው።

የገባኝን ልጻፍ።

ሪሞቱ ወደ ላይ ትእዛዝ ይልካል፦ ተነሺ፣ ዙሪ፣ ውረጂ። ይህ ትንሽ መልእክት ነው። ድሮኗ ወደ ታች ምስል ትልካለች፣ ያለችበትን ቦታም ትናገራለች። ምስሉ ከባድ ነው። ስለዚህ ሲግናሉ ሲደክም መጀመሪያ የሚንገዳገደው ምስሉ ነው፣ ትእዛዙ ትንሽ ይቆያል። ሰላማዊት ምስሉ ከደረቀ በኋላም ሪሞቱ ለጥቂት ጊዜ እንደሚሠራ መስሏት እንደነበር አስታወሰች። ልክ ናት።

ሞገዱ የዋይፋይ ዘመድ ነው። በሰከንድ ሁለት ነጥብ አራት ቢሊዮን ጊዜ ይርገበገባል፤ የአንዱ ሞገድ ርዝመት ከእስክሪብቶዬ ያንሳል። የቤቴ ሬዲዮ ከተራራ ጀርባ ያለ ጣቢያ የሚሰማው ሞገዱ ረዥም ስለሆነ፣ ኮረብታውን ተጠማዝዞ ስለሚያልፍ ነው። አጭሩ ሞገድ እንዲህ አይሆንለትም። ፊት ለፊት መተያየት ይፈልጋል።

ይህን በወሬ ማመን አልፈለግሁም። የሰላማዊትን ስልክ ሆትስፖት አስከፍቼ የእኔን አገናኘሁትና ግቢው ውስጥ ዞርኩ። ሜዳው ላይ ሙሉ ነው። ከድንጋይ አጥሩ ጀርባ ስቀመጥ ቀነሰ። ከቤቱ ጀርባ ዞሬ፣ በሁለት የድንጋይ ግድግዳ ስጋረድ ጠፋ። ሰላማዊት ስልኩን ደረቷ ላይ ይዛ ፊቷን ስታዞርብኝም ቀነሰ። ሰው አብዛኛው ውሃ ነው፣ ይህን ሞገድ ይውጣል። ታጥቦ የተሰጣው እርጥብ የሱፍ ባና ጀርባ ስቆም እንኳ ጥቂት ለውጥ አየሁ። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ "እትዬ አስካለ፣ ኔትወርክ ፍለጋ ነው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። እውነቴን ነው።

ሌላ ስህተትም አገኘሁ። ሰላማዊት የሪሞቱን ሁለት አንቴናዎች ጫፋቸውን እንደ ጠመንጃ አፍ ወደ ድሮኗ ታነጣጥራለች። ሞገዱ በብዛት የሚወጣው ከጎናቸው ነው፤ በጫፋቸው በኩል የሚወጣው ትንሽ ነው። ጎናቸውን ነበር ማሳየት የነበረባት።

"ማን ነገረሽ እንዲህ አድርጊ ብሎ?"

"ማንም። ወደሷ ማሳየት መሰለኝ።"

ሁሉም ይመስለዋል። አልተቆጣኋትም።

ከምሳ በኋላ በሚኒባስ ምስሉ ወደደረቀበት መታጠፊያ ሄድን። ቦታውን ሳየው ነገሩ ግማሹ ተፈታልኝ። መንገዱ ገደሉን ትቶ ከኮረብታው ጀርባ ይገባል። መኪናው ታጥፎ ሲገባ ድሮኗ ገና ገደሉ ላይ፣ ከአቶ ደምሴ ቤት በላይ ነበረች። በመካከላቸው ኮረብታው ገባ። በዚያ ላይ የአንቴናው አያያዝ፣ በዚያ ላይ ፒክአፑ ላይ ከበዋት የሚጨፍሩት ሚዜዎች።

ስለዚህ ቀይዋ ነጥብ ድሮኗ ያለችበትን ቦታ አትናገርም። የመጨረሻ ቃሏ የተሰማበትን ቦታ ነው የምትናገረው። ሰው ስልክ እያወራ መስመሩ ቢቋረጥ፣ ሞተ ማለት አይደለም።

ይህን ለወንድይፍራው ደውዬ ነገርኩት። "እሺ ቲቸር፣ ታዲያ የት አለች?" አለኝ። ነገ ራሳቸውን አቶ ደምሴን እጠይቃለሁ አልኩት።

እሑድ፣ ጥር 19

ከቅዳሴ በኋላ ከሰላማዊት ጋር ወደ ዋሻ ሜዳ ወረድን። ቁልቁለቱ ለጉልበቴ ከባድ ነው፣ ቀስ ብዬ ወረድኩ።

አቶ ደምሴ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሰንበት ስለሆነ ወናፋቸው ተጣጥፏል። ቤታቸው ውስጥ ዕቃው አሁንም እንደተበታተነ ነው።

"ይግቡ እትዬ። እናንተም ልትፈትሹ ከሆነ የቀረው የዶሮ ቆጥ ብቻ ነው።"

"ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት፣ ልፈትሽ አይደለም።"

"ጠያቂም መጣልኝ?" አሉና ለሰላማዊት በርጩማ አቀረቡላት። ሰላማዊት ቀና ብላ ማየት አቅቷት ተቀመጠች።

ያዩትን እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። ብረት እየቀጠቀጡ ሳለ የንብ መንጋ ድምፅ ሰሙ፣ መዶሻቸውን አስቀምጠው ወጡ። ነገርየዋ ከጣሪያው በላይ ቀጥ ብላ ቆማለች። ጥቂት ቆየች። ከዚያ ወደ ላይ ከፍ አለች። ከዚያ ሄደች።

"ወዴት?"

በአገጫቸው ወደ ደቡብ አሳዩኝ፣ ወደ ሞላሌ በኩል። "ወደመጣችበት። ለወንድይፍራውም ነግሬዋለሁ። 'ይሄ ደግሞ በእግሯ ሄደች ሊለን ነው' ብሎ አሳቀብኝ።"

ሰላማዊት ያን ጊዜ ቀና አለች። ፊቷ ተለዋውጧል። ሪሞቱ ሲጠፋባት ድሮኗ የምታደርገው በትክክል ይህን ነው፦ ትቆማለች፣ ትጠብቃለች፣ ዛፍና ተራራ እንዳይነካት ከፍ ትላለች፣ ከዚያ ወደተነሳችበት ቦታ ትመለሳለች። ከመነሳቷ በፊት ቦታዋን በሳተላይት ትመዘግባለች። ይህን የማያውቅ ሰው በዚህ ቅደም ተከተል ሊፈጥረው አይችልም።

"ይህን ለምን ዓርብ ዕለት አልነገርሽም?" አልኳት ስንወጣ።

"የተነሳችው ከሙሽሪት ግቢ ነው እትዬ። እዚያ ደውዬ ነበር፣ የለችም። ስለዚህ መንገድ ላይ ወድቃለች ብዬ ነው።"

አቶ ደምሴ እስከ አቀበቱ ሥር ሸኙን። "ማክሰኞ እምላለሁ፣ አልፈራም" አሉኝ። "ግን መሐላ ዕቃ አያመጣም። ዕቃው ካልመጣ ማረሻው አይመጣም።"

እውነታቸውን ነው። ምሽቱን ሁሉ ይኸው ቃል ጆሮዬ ላይ ነበር።

ሰኞ፣ ጥር 20

ስነቃ አንድ ጥያቄ አእምሮዬ ውስጥ ነበር። የድሮኗ ባትሪ ግማሽ ሰዓት እንኳ በቅጡ አይበርም። ከሙሽሪት ቤት እስከ መታጠፊያው፣ ሰርግ እየተጨፈረ፣ ከዚያ እጥፍ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ አንድ ቦታ ወርዳ ባትሪ ተቀይሮላታል። ተቀይሮላት ስትነሳ ደግሞ አዲሱን ቦታ መነሻዬ ብላ መዝግባለች።

ሰላማዊትን ቀሰቀስኳት። "ባትሪ የት ቀየርሽ?"

"መኪናው ላይ።"

"መኪናው እየሄደ ነው ያሳረፍሻት?"

"አይ፣ ቆሞ ነው መሰለኝ። ግን የትም አልቆምንም እኮ።"

ሹፌሩ ጋ ደወልን። "ከሙሽሪት ደጅ ተነስተን መሐል ሜዳ ነው የቆምነው" አለ። ወንድይፍራውም እንዲሁ። ሦስት ሰው፣ አንድ ቃል።

በወሬ ካልሆነ በእግር ይሁን ብዬ የሞላሌውን ሚኒባስ ያዝን። መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ለመኪና ማቆሚያ የሚመች ቦታ ሁሉ እያየሁ ሄድኩ። ሙሽሪት ቤት ደረስን፣ ግቢውን አየሁ፣ እናቷ ሳትበሉ አትሄዱም አለች፣ በላን። ምንም የለም። ለመመለስ ስንሳፈር ራሴን ጠየቅሁ፦ አስካለ፣ አንቺስ ስትመጪ የት ቆምሽ? የትም አልኩ በልቤ።

ዋሽቻለሁ። አስታ በር ማርያም ደጅ ሚኒባሱ ቆሟል። ሹፌሩ ሙዚቃውን ዘግቷል፣ አንዲት ሴት ወርዳ በሩን ስማ ተመልሳለች፣ እኔም ነጠላዬን አስተካክዬ ተሳልሜያለሁ። መቆም ብዬ አልቆጠርኩትም። ማንም አይቆጥረውም።

"ሰላማዊት፣ ሰርገኛው አስታ በር ላይ ተሳልሟል?"

"አዎ፣ እንዴት ሳይሳለም ያልፋል" አለች፤ ከዚያ እጇን አፏ ላይ አደረገች። "እትዬ፣ ሙሽሮቹ ሲሳለሙ ነው የቀየርኩት።"

አስታ በር ወረድን። የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ በሩ ጥግ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሐሙስ ዕለት እዚህ ዕቃ ወድቆ አይተው እንደሆን ጠየቅኋቸው።

"የወደቀ ዕቃ የለም።"

ወደ መንገዱ ልመለስ ዞርኩ።

"የስለት ዕቃ ግን ገብቷል" አሉ። "ሰርገኛው ተሳልሞ ሄደ፣ እኔ ለጸሎት ወደ ውስጥ ገባሁ። ስወጣ በሩ ላይ ማራገቢያ ተቀምጦ አገኘሁ። አራት ክንፍ ያለው፣ ነጭ። ሙሽሮቹ የተሳሉት ይሆናል ብዬ ለቄሰ ገበዙ አስረከብኩ። ነገ ከጃንጥላዎቹ ጋር ይጫረታል።"

ሰላማዊት ሳቀች፣ ወዲያው አለቀሰች። እኔ ቄሰ ገበዙ የት እንዳሉ ጠየቅሁ።

ቄሰ ገበዙን አገኘናቸው። ነገሩን ሁሉ በትዕግሥት ሰሙን። ግን አልሰጡንም።

"ልጄ፣ ለማርያም ነው ተብሎ የገባውን እኔ ብቻዬን በምን ሥልጣን አወጣለሁ? የእናንተ መሆኗን ነገ ሕዝቡ ባለበት አሳዩኝ።"

ቅር አላለኝም። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እንዲሁ እል ነበር።

ያለኝ ማስረጃ ምንድን ነው? ደረሰኙ ደብረ ብርሃን ነው። በፎቶ አንድ ዓይነት ድሮን ሁሉ ይመሳሰላል። ሪሞቱ ግን አለ። ባትሪ ቻርጅ ላይ አድርገናል። መብራት እንዳይጠፋ እየተሳልኩ ነው የምጽፈው።

ማክሰኞ፣ ጥር 21

ደክሞኛል፣ ግን ሳልጽፈው አልተኛም።

ቅዳሴው ወጣ፣ ታቦቱ ዑደት አደረገ፣ ሕዝቡ ከግቢው ውጭ ሜዳው ላይ ለጨረታው ተቀመጠ። ቄሰ ገበዙ ድሮኗን በነጭ ጨርቅ አስይዘው አመጧት። ወንድይፍራው ከፊት ተቀምጧል። አቶ ደምሴ ለመሐላቸው መጥተው ከዳር፣ ለብቻቸው ቆመዋል። ግራና ቀኛቸው ያለው ቦታ ባዶ ነው።

ሪሞቱን ሳሳያቸው ቄሰ ገበዙ ጠየቁኝ። "ይህ በእጅሽ ያለው ሌላዋን ድሮንም ታዛዥ ያደርጋል? እንዲያ ከሆነ ማስረጃ አይሆንም።"

ጥሩ ጥያቄ ነው። ከተማሪዎቼ ስንቱ እንዲህ በጠየቀኝ።

"አባቴ፣ ማኅሌት ሲቆም መሪጌታው አንዱን ዜማ አንስተው ወደ ሌላው ሲሻገሩ የተማረው ሁሉ አብሮ ይሻገራል። ቅደም ተከተሉን ያልተማረ ሰው መቋሚያ ይዞ ቢቆምም ይቀራል። እነዚህ ሁለቱም እንዲሁ ናቸው። በአንድ ቻናል ላይ ቆመው አይነጋገሩም፣ በየቅጽበቱ ይዘላሉ። የሚዘሉበትን ተራ የሚያውቁት ተጣምረው የተዋወቁ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሌላ ሪሞት ቢመጣ ይህችን አያገኛትም።"

"እንግዲያው ጥሪያት።"

ሰላማዊት ማታ ቻርጅ ያደረግነውን ባትሪ አስገባች። የድሮኗ መብራት ብልጭ ድርግም አለ፣ ቀይ። ብልጭታው አላቆም አለ፣ እኔ ዐሥር ሰበብ ቆጠርኩ፦ እርጥበት፣ ውድቀት፣ የተሰበረ አንቴና። ከዚያ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ጸና። ስክሪኑ ላይ ቄሰ ገበዙ ከነጃንጥላቸው ወጡ።

አጎንብሰው አዩት። "እኔ ነኝ" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ከዚያ ቀና ብለው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ዕቃው ከሐሙስ ዕለት ጀምሮ በማርያም ዕቃ ቤት እንደነበረ፣ ማንም ሰው እንዳልሰረቀው፣ ስለዚህ ዛሬ የሚምል ሰው እንደሌለ ተናገሩ። ለሰላማዊት አስረከቧት።

ሰላማዊት ያደረገችውን እኔ አልነገርኳትም። ድሮኗን ይዛ ሕዝቡን አቋርጣ አቶ ደምሴ ጋ ሄደች፣ እኔም ተከተልኳት። በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ፈቀቅ አሉ። እሳቸው ተቀበሏት። ገለበጧት። በጥፍራቸው ቆረቆሯት።

"ይህችን ነው በብረትነቷ ስበሃታል ያላችሁኝ?" አሉ። "ላስቲክ እኮ ናት።"

ሳቁ ከኋላ ተነሳ። ከፊት የሳቀ የለም።

አንዲት ሴት ግን ጮክ ብላ "እንግዲህማ አትነሳም፣ ነካት" አለች። ሰላማዊት አየችኝ። ፈቃዱ እንዳላለፈ በልቤ አረጋገጥኩና ራሴን ነቀነቅኩ። ድሮኗን ከአቶ ደምሴ ተቀብላ፣ ከሰው ርቃ ሣሩ ላይ አስቀመጠቻት። ሰው ከፊቷ እንዲገለል ጠየቀች። አንቴናዎቹን በጎናቸው አዞረች። እኔ ሞገድ ያስተማርኩ ሰው፣ ያን ጊዜ ማርያምን ለመንኩ። ብትነሳ የሚጠቀም፣ ባትነሳ የሚጎዳ አንድ ሰው ነበር፣ እሳቸውም አጠገቤ ቆመዋል።

ተነሳች። ከአጥሩ በላይ ወጣች፣ ከጥዱ በላይ ወጣች፣ ዞረች፣ ተመልሳ በተነሳችበት ሣር ላይ ተቀመጠች። አቶ ደምሴ የግንባራቸውን ላብ ጠረጉ።

ሕዝቡ ወደ ጃንጥላው ጨረታ ተመለሰ። ወንድይፍራው ተነስቶ ወደ እኛ መጣ። ይቅርታ ሊል ነው ብዬ ጠበቅሁ። አላለም።

"ዓርብ ቤት ይኖራሉ?" አለ ወደ አቶ ደምሴ ዞሮ። እስከ ዛሬ አንተ ነበር የሚላቸው። "ማረሻዬ ዶልዱሟል።"

አቶ ደምሴ ከላይ እስከ ታች አዩት።

"እኖራለሁ" አሉ። "ብቻህን ና።"

ሰላማዊት በማታው መኪና ደብረ ብርሃን ገባች፣ ደርሻለሁ ብላ ደውላለች። ወንድይፍራው ዓርብ ይወርድ እንደሆነ አላውቅም። ሰው ፊት የተናገረውን ቤቱ ሲገባ የሚተው ስንት አይቻለሁ። ከወረደ፣ ሌሎቹም ማረሻቸውን ይዘው ይከተሉታል።